ስድሳ ዲግሪ

ኅዳር ነው፤ መሐል ሜዳ፤ የማታው ክፍል ቀዝቅዟል፤
ተማሪው ባና ደርቧል፤ መስኮቱ በውርጭ ደንዝዟል፤
መብራት የለም።
የዛሬው ትምህርት ግን ያለ መብራትም
ይሆናል ብዬ ይዣቸው ወጣሁ፤
ከሜዳው ዳር ቆሜ ጁፒተርን አሳየሁ።

«ያቻት» አልኩ፣ «በጓሳ አናት ላይ የምታዩዋት፣
መርጌታ ወልደ ሰንበት ሙሽተሪ የሚሏት፤
ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው አንድ ዙር የሚፈጅባት።
እሷ ትታያለች። እኔ ግን ላወራ
የወጣሁት ስለማይታየው ነው፣ ስለ ሁለቱ ጭፍራ።
አንዱ ስድሳ ዲግሪ ቀድሟት ይነጉዳል፤
አንዱ ስድሳ ዲግሪ ተከትሏት ይሄዳል፤
ዛሬ እሷ ካለችበት ፊተኛው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤
ኋለኛው ሊደርስ የቀረው ያው ሁለት ዓመት ነው።»

«አይደርሱባትም?» አለ ሸዋንዳኝ፣ የአይሱዙ ረዳት፣
ቀን የጣርማበርን ዳገት
ሲወጣ ሲወርድ ውሎ የሚያንቀላፋ በፊዚክስ ሰዓት።
«አይደርሱባትም» አልኩት፣ «አታመልጣቸውም።»
«ያቺን መኪና እኔ አልነዳትም!»

ሳቁ ሲበርድ፣ ሦስት ድንጋይ ለቅሜ፣ እኩል አራርቄ፣
ከጌጤነሽ ስልክ ብርሃን ጠይቄ፣
ጉልቻ ጎለትኩ፤
«ይሄ ፀሐይ፣ ይቺ ጁፒተር፣ ይሄ ጭፍራው» አልኩ፤
«ጎኑ ሁሉ እኩል ነው። የሁለቱ ስበት
ከድንጋዩ ሩጫ ጋር የሚታረቅበት
ቦታ ነው። ታረቀ ማለት ግን ቆመ ማለት አይደለም፤
ይጠጋል፣ ይርቃል፣
እንደ ባቄላ ፍሬ የጎበጠ መንገዱን ይደጋግማል፤
አንዷን ውዝዋዜ የሁለት ሰው ዕድሜ ቢቀጠል አይጨርሳትም።»

«ከምን ተሠሩ?» አለች ጌጤነሽ፤ «ከወርቅ? ከብረት?»
«ጥቁር ናቸው» አልኳት፤ «የከሰል ጥቁረት፣
ትንሽ ቅላት የነካካበት፤
ያንቺ ባና ነው ቀለማቸው፤ ያልተነከረ የመንዝ በግ ጠጉር።
ከመቶ እጅ ብርሃን ዘጠና አምስቱን ውጠው የሚያድሩ፣
አምስቱን ብቻ የሚመልሱ፣ ክፉ ተበዳሪዎች።
የተመዘኑት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ቀለሉ፤
ከድንጋይ ይልቅ ለውሃ ይቀርባሉ፤
ሆዳቸው በረዶና ቀዳዳ ሳይሆን አይቀርም፣
እንደ ደረቀ ኩበት፤ ገና ማንም
ሰብሮ አላየም።
ደግሞም ይባላል፣ አገራቸው እዚያ አልነበረም፤
ታላላቆቹ ፕላኔቶች ሰፈር ሲለዋወጡ፣
ከሩቅ፣ ከባሰ ብርድ ተበትነው መጡ፤
መንገድ ላይ ተያዙ።»

ዝም አልን። ከወደ ገበያው ውሻ ጮኸ።
ሸዋንዳኝ ጎንበስ ብሎ ሦስተኛውን ድንጋይ በእግሩ ነካ፦
«ቆይ፣ መምህር፤ እነሱ የሚወዛወዙበት መሃል፣
እዚያ ነጥብ ላይ፣ ምን አለ?»
«ምንም።»
«እንዴ! ምንም?»
«ባዶ ነው። የሚጠጉትም የሚርቁትም ባዶ ቦታ ነው።»

ይህን ስል ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ብርዱ ነው አሉ።

እኔ መሃል ነኝ። ስንሻው በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤
ሸዋ ሮቢት ነው፤ ሽንኩርት ይጭናል።
ይታይሽ በሁለት ዓመት ታንሰኛለች፤
ደብረ ብርሃን ነች፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ በፈረቃ ትገባለች።
እናታችን ካረፈች
ማሳው ጦም አደረ፤ ቤቱ እንደተዘጋ ነው፤
ልሽጥ ያለ የለም፤ ልግባበት ያለም የለም፤
በዓመት አንዴ እንጠጋለን፣
በር ሳንከፍት፣ አጥሩን አይተን እንለያያለን።
(ጁፒተር አይደለሁም፤ ባለ ደመወዝ ነኝ፤
የሚዞረኝም፣ የሚከተለኝም አንድ የለኝ።)

መብራት መጣ። ተማሪው ተሯሩጦ ገባ፤
ደብተር ተከፈተ፤ ስድሳ ዲግሪ፣ ሦስት ጊዜ፣ ተጻፈ።
ድንጋዮቹን ማን እንዳነሳቸው አላየሁም፤
ጠዋት ሳልፍ ሁለቱ ነበሩ፤ ሦስተኛው አልነበረም።

ስንሻው ጋ ደወልኩ።
«ልንገርህ ያልኩት…»
«እየጫንን ነው» አለኝ፤ «ኋላ።»
ኋላ!
ሁለት ዓመት ቀድሞኝ፣
ኋላ አለኝ።