ሁለት ጣሳ ሲሚንቶ

አምና ውድድሩ ላይ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል፣ ፒያሳ ሲቃረብ፣
ትንፋሼ ሙሉ ነው፣ ላቤም እንደ አንገረብ፤
ጉልበቴ ግን ከዳኝ።
አስፋልት ዳር ቁጭ አልኩ። አንድ ባለ ባጃጅ
«ልውሰድሽ ወይ?» አለኝ።

አዘዞ፣ ጓሮው ውስጥ፣ በያጁ ገሠሠ
በሁለት የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ አፈሰሰ፤
ቧንቧ ሰካባቸው።
«ቁጭ በይ፤ ተነሺ እንግዲህ፤ አንቺ ነሽ ሚዛናቸው።»

ፈርቼው ነበረ። ሯጭ ብረት ካወቀ
እንደ ረጠበ ጋቢ ዳገት ላይ ወደቀ፣
ይሉኝ ነበርና።
«የግንቡም ኖራ» አለኝ፣ «በአንድ ቀን አልጠና»፤
እግሬ እየተንቀጠቀጠ ተነሣሁ እንደገና።

ከዚህ የባሰው ግን ጠዋት ጠዋት ያለው፦
«እያወራሽ ሩጪ። ወሬ ካቋረጥሽ፣ መፍጠንሽ ያኔ ነው።»
በኮሶዬ መንገድ፣ ከሽታዬ ጋራ፣
የአክስቷን የአጥር ክስ አንድ ሰዓት ሙሉ እሷ ስታወራ፣
ተማሪዎች አለፉን፤ ጭድ የጫነ አህያ ቀደመን፤
ልብ ቤቱን ሲያሰፋ መች መዶሻ ሰማን?

ክረምት ገባ። ጭቃው አዘዞን ዋጠው፤
ገሠሠ አንድ አካፋ ሲሚንቶ ጨምሮ ጣሳውን አከበደው።

ዘንድሮ፣ ያው ዳገት። ስድስተኛ ወጣሁ፤ ሽልማት አልነበረም።
ያ ባለ ባጃጅ አየኝ፤ «ልውሰድሽ ወይ?» አላለም።

ጉልበት፦ ስሙ አንድ ነው፣ ለአጥንቱም ለኃይሉም፤
ዛሬ ደረጃ ስወርድ ሁለቱም አልቻሉም።
ነገ ጣሳው አለ።
ከነገ ወዲያ ደግሞ የሽታዬ አክስት አጥር
ገና አልተከለለ።