ባለ ሁለት ዓይን

ቀይ አፈር ፈጭቼ በእንቁላል ስለውስ፣
አለቃ እንግዳሸት የኄሮድስን ድግስ
ሞጣ ከደብሩ ውስጥ ግድግዳ ላይ ዘረጉት፤
ጠጁን ቀዱ፣ ብርንዶውን ቆረጡት።

እጃቸው ቆመና፦ «አንድ ነገር ጎድሏል፤
ያለ ማሲንቆ ግብር ማን ግብር ይለዋል?
ሂድ እስቲ ልጥገብን ጥራው ከገበያ፣
መሣሪያውን ይዞ ይቁም ከዚህ ወዲያ።»

ከደጀ ሰላሙ አልፎ የማያውቀው፣
ጠላ ቤቱ ሁሉ በስድብ የሚያደንቀው፣
ቆመ ከግድግዳው ፊት ነጠላ አጣፍቶ፣
ጭራውን ሳይመታ ቅኝቱን አስልቶ።

የሥዕሉ ሕግ ነው፦ ጻድቅ ባለ ሁለት ዓይን፣
ኃጥእ በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይሁን።
ኄሮድስ አንድ ዓይን፣ ሰያፊውም አንድ፣
ልጅቱም ስትዘፍን አንድ ዓይኗ ሲነድ።

ልጥገብ ላይ ሲደርሱ ብርዑን ነከሱ፤
«ከቬኒስ የመጣው መምህሬ፣ እሱ፣
ሰውን እንደ ቆመ ሳለው ነበር ያለኝ፤
እኔስ ምን ላድርገው? ፊት ለፊት ነው ያየኝ!»

መሪጌታ ጌጤ በጧፍ ቀርበው አዩ፤
ቆጠሩ፤ አልተናገሩም፤ ዝም ብለው ተለዩ።

ልጥገብ ግን በማታው ከበሩ ጠበቀኝ፤
ዓይኑን መች ጠየቀ!
«ጭራዋ ከርራለች? እውነቱን ንገረኝ።»