ድጋፍ

በኦስትራቫ ምድር ቤት፣ ከከሰሉ ጓዳ፣
ዜድኔክ አንድ አለው የጡረታ ዕዳ፦
ሲነሣ እንደ ሰው ደረቅ ሳል የሚይዘው፣
ሠሪው ከከሰረ ሃያ ዓመት የሆነው
አንድ አሮጌ ማሽን።

ማንም አልቀጠረው። የመብራቱን ከፍሎ፣
በየወሩ ኮድ ያጠናቅራል፣ «ዛሬም ይሠራል» ብሎ
ሁለት ቃል ለመጻፍ።

ማርኬታ ከብርኖ በትሕትና ጻፈች፦
«ሦስት ሺህ መስመር ነው፣ ለአንድ ሰው» አለች፤
«ነገስ ማን ይጠብቀው?»
እውነቷን ነው። እሷም ልጇን አስተኝታ፣
በነጻ ነው የምትለፋው፣ እንቅልፏን ሠውታ።

«ድጋፍ ይነሣለት» — ሁሉም እጅ አነሣ፤
ዜድኔክ በምርኩዙ ወርዶ፣ ማሽኑን አስነሣ።

እሱን የማያውቀውን አዲሱን እትም ጫነበት፤
እያሳለ፣ እያጓራ፣ ሲያጠናቅር ነጋበት።
ጎሕ ሲቀድ በስክሪኑ አንዲት መስመር ወጣች፦

ስሕተት አልተገኘም።