አሥራ አምስት ደቂቃ

ቀጠሮው ማክሰኞ ነው፤ ዛሬ እሑድ ማታ
ዴፍኔ ተቀምጣለች ክንዷን ዘርግታ።
በሰማያዊ እስክሪብቶ ነጥብ እጥላለሁ፣
“ይሄ የወተት ቤት፣ ይሄ የእንቁላል” እላለሁ፣
“ይሄ ደግሞ የ...”
ቀድማኝ ትለዋለች፣ በሩን አየት አድርጋ፣
እንደ ነውር ቃል ከጉሮሮዋ ፈልጋ፦
“የፍንዱቅ።”

ነውር ነው፣ እዚህ ቤት።
ይህ ጣሪያ የተከደነው በፍንዱቅ ነው፣
ሠርጌም የተደገሰው በፍንዱቅ ነው፣
ከጥቁር ባሕር ዳር እስከ ጉሙ ማደሪያ
ዳገቱን ያለበሰው ይኸው ክብ ፍሬ ነው።
አማቴ ጀሚል ጥርሱ ካለቀ ወዲህ እንኳ
ኪሱ ዝም አይልም፣ ሦስት ፍሬ ሳያንኳኳ።

ነሐሴ ገብቶ መንደሩ ለለቀማ ሲወጣ
መስኮት ዘግተን እንውላለን፣ አባቷ እስኪመጣ።
ኦርቹን በረንዳው ላይ ልብሱን ያወልቃል፣
ዳገቱን ከትከሻው የሚያራግፍ ይመስላል፣
እጁን ሁለቴ፣ ጢሙን ሦስቴ በሳሙና ያጥባል፣
ከዚያ ነው “ነይ” የሚላት።
እሷ ፎጣ ይዛ እስከ መቶ ትቆጥራለች።
ከሰባ ወደ ዘጠና ትዘላለች።

ያን ቀን አላነሣባትም። የጎረቤት ብስኩት፣ ግማሽ ጉርሻ፣
የከንፈሯን ማበጥ፣
አርባ ደቂቃ ጠመዝማዛ መንገድ እስከ ጊሬሱን፣
ኦርቹን ሲነዳ፣ እኔ ስቆጥር ትንፋሿን።
አላነሣም። ነጥብ እጥላለሁ።

“ያማል?”
አያምም ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስኩት።
“ድመቷ የቧጨረችሽ ጊዜ ያህል። አንዴ ብቻ።
ከዚያ ያሳክካል። ከባዱ እሱ ነው።
አሥራ አምስት ደቂቃ ማከክ የለም።”
“ብወድቅስ?”
“ፈተና አይደለም፣ ልጄ። ክንድሽ ነው የሚናገረው፤
እኛ ቁጭ ብለን እንሰማዋለን።”
“ክንዴ ቱርክኛ ይችላል?”
“በቀይ ነው የሚናገር።”

ጀሚል ከምድጃው ጎን ሆኖ ሁሉንም ይሰማል።
“በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም” ያለ ሰው ነው፤
“ትንሽ ትንሽ ትቅመስ፣ ደሟ ይለምደዋል” ያለ፤
በዚሁ ሰበብ ከእኔ ጋር ክረምቱን ሙሉ ተኮራርፎ የከረመ።
ተነሣ። ወጣ። የዝናቡ ድምፅ ገባ፣ በሩ ተዘጋ።
ሄደ አልኩ።
ከዚያ የበረንዳውን ቧንቧ ሰማን፣ ረጅም ጊዜ።
ሲመለስ ኪሱ ተገልብጦ እንደ ውሻ ጆሮ ተንጠልጥሏል።
እጅጌውን ሰብስቦ ያንን የግንድ ክንዱን
ጠረጴዛው ላይ ጋደም አደረገው፦
“እኔንም መርምሪኝ፣ ዶክተር።”

አልሳቀችም። ሥራ ነው።
ስምንት ነጥብ ጣለች፣ ከንፈሯን ነክሳ፣
ስምንተኛው ላይ እስክሪብቶው ትንሽ ተንቀጠቀጠ።
“እንዳታክክ።”
“ቢበላኝስ?”
“ቢበላህም።”
ሰዓቱን እያየ ተቀመጠ፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው።
በሰባተኛው ደቂቃ አፍንጫው በላው፤
ክንዱ ስላልሆነ ተፈቀደለት።

ሌሊት። የማሳከክ መድኃኒቷ ለምርመራው ሲባል
ከቆመ አምስተኛ ቀኑ፤ የክርኗ እጥፋት ይበላታል።
የማትበላው አይበቃ፣ የሚበላት ተጨምሮ፣
በመዳፌ እያሻሸሁ አነጋለሁ።
ማክሰኞ ክንዷ ምን እንደሚል አላውቅም።
ቦርሳው በር ላይ ነው፦ ጥንቸሏ፣ የሥዕል መጽሐፏ፣
የክፉ ቀን መርፌዋ።

ሰኞ ንጋት ጀሚልን ለሶላት ሲታጠብ አየሁት፣
ክንዱን እስከ ክርኑ፣ ሦስት ጊዜ፣ እንደ ደንቡ።
ነጥቦቹ ፈዘዙ እንጂ አልለቀቁም።
ሳሙናውን አየው።
አላነሣውም።