አራት ደብተር ወፍ

አራት ደብተር አለኝ፣ ጠርዙ የተላላጠ፣
አንዱን ዝናብ በላው፣ አንዱን ዘይት ዋጠ፤
የጭነት አውሮፕላን ሆድ ስፈታ ስገጥም፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባሕር ማዶ ስከርም፣
ጓዶቼ ገበያ ሲወጡ ለሸሚዝ ለሽቶ፣
እኔ ወፍ ፍለጋ፣ አንገቴ ተዘርግቶ።

አቴና ላይ ገዛሁ የሩቅ ማያ መነጽር፣
ከመርከብ ጡረተኛ፣ ሁለት ቀን ስንከራከር፤
ግራ ዓይኑ ጭጋግ ነው፣ ቀኙ ግን ያሳያል፤
ላንዲት ወፍ አንድ ዓይን ከበቂም ይተርፋል።

ደብተሩ እንዲህ ይላል፦

«ላይፕዚግ። ጥር። በረዶ። ከመንደርደሪያው ጫፍ፣
ጥቁር ወፍ፣ ቢጫ አፍ፤
ስሟን ለመጠየቅ ቋንቋው አልነበረኝ፣
ዘበኛው ግን ሳቀና በእጁ ክንፍ ሠራልኝ።»

«ቦምቤይ። ሰማዩ ሙሉ ጭላት፣ በየጣሪያ፤
የልጅ እጅ ሥጋ ነጣቂ፣ የኛው ሌባ፣ ያ!»

«ዳካር። ፔሊካኖች። ቆጠርኩ እስከ ዘጠና፤
ሞተሩ ተነሣ፣ ቀሪው ቀረ ገና።»

ጉምሩክ «ምን ይዘሃል?» ሲል፣ ጥርጥሩ ሲገፋ፣
«ወፍ» አልኩት፤ አራገፈው ሻንጣውን፣ ላባ እንኳ ጠፋ።

አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ቁጥሩ ይህ ነው ባጭሩ፤
የመራዊ ግን አንድ የለም፣ ቢገለጥ እስከ ዳሩ።
የቤት ወፍ ወፍ ነው ወይ? እሱማ ዝም ብሎ አለ፣
ጠዋት ጠዋት ጣራ ላይ፣ ሳያስፈቅድ የዋለ።

ጥሩአየሁ ሚስቴ፣ የሦስተኛ ክፍል መምህር፣
ጠመኔ ያነጣት፣ ቁጥብ ነበረች ለመናገር፤
በዓመት አንዴ ስመጣ፣ ሻንጣዬን ተቀብላ፣
«የመስቀል ወፍ መጣ»፤ ከዚያ ዝም፤ ከዚያ «እንብላ»።
በየዓመቱ ሳቅኩኝ፣ ቀልድ መስሎኝ ነበረ፤
የቀልድ ልብስ ለብሶ ስንት ነገር ኖረ።
አንድ ጊዜ ጠየቀችኝ፦ «ያች የበረዶዋ ወፍ ምን በላች?»
«እንጃ» አልኳት።
«እንግዲያ መች አየሃት» አለች።

አምና በኅዳር ሞተች።

ሐዘንተኛው ሲበተን፣ ቤቱን ልቀባ በኖራ፣
የጓዳውን በር ብነቅል፣ ከጀርባው የሷ ሥራ፦
በጣት ቁመት የከሰል ጭረት፣
ሠላሳ ቆሞ በረድፍ፣ የማይዛነፍ ባንዲት።
ከአንዳንዱ ጎን ጽፋለች፣ ቁልቁል፣ በትንሽ ፊደል፦
«ከስቷል»። «ጢም አወጣ»። «አምስት ቀን»። «ይስላል»።
«ዘንድሮ አልዘፈነም»። «ስለ ወፍ ብቻ ያወራል»።
ከመካከል ደግሞ ውስጧ ባዶ የሆነች ክብ፤
ያን መስከረም ኢስታንቡል ነበርኩ፣ ዓይኔን ለአሞራ ስመግብ።

በሩን አልቀባሁትም።

አሁን ቆጋ ግድቡ ዳር፣ ጉልበቴን በጨርቅ አስሬ፣
ከሽንኩርቱ ማሳ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ነው መንበሬ።
ቦይ የሚከፍተው ልጅ እንየው ነው ስሙ፤
ስጠራው፣ የሚታየው ሁሉ ይቆምልኛል በቀለሙ።

«ጋሼ፣ እነዚያ ነጫጮቹ ከየት አገር ናቸው?»
«ፖላንድ፤ ከጭስ ማውጫ ላይ ነው ያለው ጎጇቸው።»
«እኔስ ከአቸፈር ማዶ የመጡ ይመስለኝ ነበር፤
አንበጣ ለቃሚ እንግዳ፣ ማን ይጠይቃል አገር?»

አንዷ ሽመላ ቀረበች፣ ቀይ እግሯን አንሥታ ጥላ፤
ቀለበት አለ ከጉልበቷ፤ ቆጥሯታል ሌላም ሌላ።
በደኅናው ዓይን አነበብኩ፦ አራት፣ ከዚያ ሁለት፣
ቀሪውን ጭቃ ሸፍኖታል።
አምስተኛ ደብተር የለኝም።
የቦይ ሠራተኞች በቆሎ ከጠበሱበት
አንድ ከሰል አነሣሁ፣
በግድቡ ድንጋይ ላይ አንድ ጭረት አቆምኩ፣
ጎኑም ላይ ጻፍኩ፦ «ከስታለች»።

እንየው አየና፣
«ጋሼ፣ ክረምት ሲመጣ ያጥበዋል» አለኝ፤
ቦዩን ሊዘጋ ሄደ።