ጥላሽ እንዳያርፍበት

ከቁስቋም በስተጀርባ፣ ቁልቁል ወደ ቀሃ፣
ካብ ከፈረሰበት፣ ከማይደርቀው ውሃ፣
ለዓርብ አጥቢያ ነበር፣ ወፍ ሳይንጫጫ ገና፤
መሪጌታ ይግዛው ቆመው ጠበቁኝና
«ጨረቃን ከፊትሽ አድርጊ» አሉኝ በሹክሹክታ፣
«ጥላ ያረፈበት ቅጠል አያድንም ከበሽታ።»

እኔ ጓንት አጥልቄ፣ ጂፒኤሴን ይዤ፣
ከፍታ መዝግቤ፣ ዝንጣፊ በጋዜጣ ጠርዤ፣
ሳቄን ዋጥኩት።
ግን ዞርኩ።
ጥላዬን ወደ ኋላ፣ ወደ ወንዙ ጣልኩት።

ለጭርት ነው የሚሰጡት፤ ለዚያ ክብ ክብ በላ፣
ልጅን በኮፍያ ሸፍኖ ከክፍል ወደ ኋላ
ወንበር ለሚያሸሽ።
የጎረቤቴ ልጅ ባንቻምላክ በእሳቸው ቅባት ዳነች፤
ሁለት ዓመት ያሰረችውን ሻሽ ፈትታ
ለፋሲካ ሹሩባ ተሠራች።

ላብራቶሪ ግን ደንብ አለው፦
ጥላ እንዳይነካው የተባልነውን
ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥላ ውስጥ አደረቅነው።
ፈጨነው፣ ነፋነው፣
ስቡን አስቀድመን በኤተር አጠብነው።
አረንጓዴ ዝቃጭ ወጣ፤ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት፣
«ስብ፣ ይጣል» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩበት።
የቀረውን በሜታኖል፣ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት፣
ናጥነው፤ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን እየለመንን፣
ሲመጣ እያመሰገንን።

ከዚያ ፈንገሱን ዘራን፤ ከዘራነው መሐል
በጭማቂው የራሰች ትንሽ ክብ ወረቀት።
ስገልጠው፦ ምንም።
ፈንገሱ እንደ ሐምሌ ደመና ወረቀቷን አልብሷታል።
ደገምን። ምንም።
ሠለስን።
ዶክተር አንማው መነጽራቸውን እየወለወሉ
«ጻፊ፤ ኃይል አልተገኘበትም በይ» አሉ።

አልጻፍኩም። ባጃጅ ይዤ ቁስቋም ወጣሁ፤
መሪጌታ ቀፎ በእበት ሲመርጉ ደረስኩ።
«በምን ዘፈዘፍሽው?»
«በአልኮል።»
«ቅቤስ?»
«ቅቤ አላሉኝም እኮ!»
«ቅጠሉን ጠየቅሽኝ፤ ማደሪያውን መች ጠየቅሽኝ?»
እጃቸውን በሣር ጠረጉ።
«ዘመድ ያጣ እንግዳ ደጅ ላይ ያድራል፣ ልጄ።
የዚህ ዘመዱ ስብ ነው፤
ሌላ ቢጠራው አይወጣም።»

ጠርሙሷ ነበረች! የቆሻሻው መኪና
ጎማው ፈንድቶ ወር ሙሉ አልመጣምና።
በአምስተኛው ቀን ሳህኑን ስገልጥ
በወረቀቷ ዙሪያ ጥርት ያለ ሜዳ፤
በማስመሪያ ለካሁት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣
አሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር።
ክብ እየበላ የኖረውን
ክብ በላው።

መድኃኒት አይደለም ገና። አንድ ነጥብ ነው፣
በብርጭቆ ገበታ ላይ ከሰባቱ ሦስተኛው፤
ምናልባትም ሌላ ሰው፣ ሌላ አገር፣ ከሌላ ቅጠል
ቀድሞ አግኝቶ ስም ያወጣለት።
የቅጠሉን ስም እዚህ አልጽፍም፤ አደራ አለብኝ።
ብቻ ናሙናው ላይ፣ «ሰብሳቢ» ከሚለው፣ ከእኔ ስም ጎን፣
በእርሳስ «መሪ፦ ይግዛው» ብዬ ጨመርኩ።
ዶክተር አንማው አዩት። አላጠፉትም።

ማታ፣ መጋረጃ ዘግቼ፣ ወይን ጠጁን መብራት አበራሁ።
ነጥቧ ሰማያዊ ሆና ከጨለማው ወጣች፣
አጥቢያ ላይ ቀሃ ውስጥ እንዳየኋት ጨረቃ።
ቀረብ ብዬ ላያት ጎንበስ ስል
ሳላስበው ራሴን ወደ ኋላ መለስኩ፤
ጥላዬ እንዳያርፍባት።