የአራተኛ ሰው ሰዓት

ደንቡ አጭር ነው፤ ጥዱ ላይ በሚስማር ተመቶ ይነበባል፦
«ከየቡድኑ አራት ይነሣል፤ የሦስቱ ሰዓት ይደመራል።»
ስለ አራተኛው ምንም አይልም። አራተኛው እኔ ነኝ።
ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ዝምታ ውስጥ ፔዳል መታሁኝ።

መስከረም ነው፤ ኢስቶኒያ፤ በካርናሶ ጫካ ዝናቡ አባርቷል፤
የጥዱ ሥር እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማቱ ተገትሯል፤
ረግረጉ ላይ የተነጠፈው ሳንቃ ሳሙና እንደጠጣ ያንሸራትታል፤
ጎማ አንዴ ከሱ ከወረደ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል።

ሌሎ ከፊት ናት፤ የመንደሩ የጥርስ ሐኪም፣
ዳገት ስትወጣ ትከሻዋ እንኳ አይነቃነቅም።
ኡኩ ይከተላል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ አፉ የማያርፍ፣
ቁልቁለት ሲያይ እንደ ግልገል የሚቀብጥ፣ የሚከንፍ።
ሦስተኛው ሜሊስ፤ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ያደለ፣
ሦስት ውሻ የነከሰው ባቱ ዛሬም ግንድ ያከለ።
እኔም አለሁ ከኋላቸው፤ የእንጨት መሰንጠቂያው ሒሳብ ያዥ፣
የሰው ሳንቃ ስቆጥር ውዬ፣ ለራሴ ያልተቆጠርኩ ተጓዥ።

የአሮጌ ጀልባ ጥሩንባ ተነፋ፤ ሁለት መቶ ጎማ ተወረወረ፤
የፊተኛው ሰው ጭቃ ተነሥቶ ጥርሴ መሃል ተሰነቀረ።
«ፍሬኑን ልቀቅ!» ይላል ኡኩ፤ «ሥሩን በቀጥታ ምታው!»
ሜሊስ ግን ዝም፤ በሰፊ ጀርባው ነፋሱን ለኔ ገታው።
እዚያ ተጠልዬ ላቤን ከጭቃው ጋር እየቃምኩ፣
በሁለተኛው ዙር ከነሱ ጋር መሆኔን ሳውቅ ተደነቅኩ።

የኡኩ እናት ከመንገዱ ዳር ትኩስ የብሉቤሪ ሾርባ ይዛ፦
«ሦስተኛ ናችሁ!» አለች፤ በጢስ የደረቀው ዓሣ ከወዲሁ ሸተተን፤ አፋችን ወዛ።

ከዚያ የድንጋዩ ቁልቁለት። ሌሎ እንደ ልማዷ ቀድማ፣
«ፉስስ» የሚል ድምፅ ሰማን፤ ተቀደደ የፊቷ ጎማ።
በጎኑ ነው፤ ቀዳዳው አውራ ጣት የሚያሳልፍ፣
ሙጫ የማይደፍነው፣ ምን ቢለጥፉት የማይተርፍ።

ማንም አልጠየቀኝም። ይህን ልብ በሉልኝ።
ሌሎ ጎማዋን አየች፤ ሜሊስ ሰማዩን፤ ኡኩም፣ ለዚያች ቀን ብቻ፣ ዝም አለልኝ።
ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ የኔ እንጀራ ነው ሒሳብ፦
ከአራት አንድ ሲቀነስ ሦስት። ልቤ ግን ነበረው ሌላ ሐሳብ።
ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከሜሊስ እኩል ነበርኩ፤
ምናልባትም እቀድመው ነበር፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩ።

ብስክሌቴን ገለበጥኩ፤ የፊቱን ቸርኬ ፈታሁ፤
«እንኪ» አልኳት፤ በልዋጩ የሷን ቁስለኛ ታቀፍሁ።
አንድ ደቂቃ ተኩል። አመሰግናለሁ አላለችም፤
ብትል ኖሮ ለሴኮንዶቹ ስል ይቅር አልላትም።
ሦስቱ ጀርባ በጥዱ መሃል ቀጠነ፣ ሸሸ፣ ጠፋ፤
የኡኩ ወሬ ብቻ ጥቂት ቆየ፤ እሱንም ነፋስ ገፋ።

መውጫው ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ብስክሌት በትከሻ፣ ቸርኬ በክንድ፣
ጫማዬ ውኃ እየተፋ፣ ለሚያልፈኝ ሁሉ ጥግ እየያዝኩ በየመንገድ።
አንዲት እንጉዳይ ለቃሚ ከጥሻ ወጥታ አየችኝና፣
«ዘንድሮ ተሸክሞ ነው እንዴ?» ብላ ቅርጫቷን አነሣችና
ሄደች። ብቻዬን ሣቅሁ።

ስደርስ ድንኳኑ ተጠቅልሏል፤
ውጤቱ ከኡኩ ፊት ላይ ከሩቅ ያስታውቃል፦
አራተኛ። በአሥራ አንድ ሴኮንድ። ዓሣው ለሌላ መንደር።
እጄ መፍቻው ላይ የተንቀጠቀጠበትን ጊዜ ልቆጥር ስጀምር፣
«ተው፤ ደብዳቤም ይዘገያል» አለ ሜሊስ፤ ሾርባ ቀዳልኝ።
ሌሎ ቸርኬዬን መለሰች፤ ጭቃውን አልጠረገችልኝ።

ሰሌዳው ላይ ከስሜ ፊት አንድ ሰረዝ አለ፤ አጭር።
እኔ ግን የወረቀትን ጀርባ የማነብ ሰው ነኝ፤ ልማዴ ነው መመርመር፦
«ሰዓት የሚያዘው» ይላል በደቃቁ፣ «መስመሩን የፊት ጎማ ሲነካ።»
ማታ ጋራዥ ውስጥ የደረቀውን ጭቃ ዳሰስኩት።
የሌሎን ሰዓት ያስያዘው የኔ ጎማ ነበር ለካ።